ሊበላሽ የተገዛ ብረት፦ የአፈሙዝ ሥራን በርካሽ ቁስ በቶርኖ ላይ ስለ መለማመድ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ደግሞ ጠመንጃ ልታሠራ ነው ወይ?» ብለው ቀልደውብኛል። አላሠራም። ስለ ጠመንጃ አፈሙዝ የማነሣው፣ በቶርኖ ሥራ ውስጥ ካሉት ልምምዶች ሁሉ ስለ ማዕከል ከእርሱ የተሻለ የሚያስተምር ባለማግኘቴ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ የገንዘብ ነው። ተማሪዎቻችን ብረት ውድ ሆነ በሚል ሰበብ ማሽኑን በሩቅ እያዩ እየተመረቁ ነው፤ ይህንን ደግሞ በሥራ መደቡ ላይ የሚያገኛቸው አሠሪ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።

በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጥገና ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ የአንድ የአፈር መጫኛ ማሽን ሃይድሮሊክ ሲሊንደር እንድሠራ ተሰጠኝ። ባለቤቱ አዲስ ስፌት የለሽ ቱቦ በብዙ ድካምና ወጪ አስመጥቶ ነበር። ቱቦውን በባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ በውጭ ገጹ ያዝኩት፤ ኢንዲኬተር በውጭ ገጹ ላይ አሳረፍኩ፤ መርፌው አልተንቀሳቀሰም። ደስ ብሎኝ ጥርሱን ቆረጥኩ። ጥርሱ ያማረ ነበር። ዳሩ ግን የቱቦው ግድግዳ በአንድ ወገን 10.4፣ በሌላው ወገን 9.6 ሚሊሜትር ነበረ፤ ይህም ማለት የቀዳዳው ማዕከል ከውጭው ማዕከል በ0.4 ሚሊሜትር ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ ጥርሱን ከውጭው ገጽ ጋር አስማማሁ፤ ፒስተኑ ግን የሚመላለሰው በቀዳዳው ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲገጠም ዘንጉን ወደ ጎን ገፋው፤ ጎማው በአንድ ወገን ተበላ፤ ማሽኑ ከሳምንት በኋላ ዘይቱን እያፈሰሰ ተመለሰ። ቱቦው ወደቀ። ባለቤቱ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ ቱቦውን አገላብጦ አይቶ ሄደ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ዕለት የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም። ማዕከል ምን እንደ ሆነ በትምህርት ቤት በሥዕል ተምሬአለሁ። የጎደለኝ፣ ቢበላሽ ማንም የማያዝንበት ብረት ላይ ይህንኑ ስሕተት አስቀድሜ አለመሥራቴ ነው።

አሁን ወደ አፈሙዙ እንምጣ። የጠመንጃ አፈሙዝ ረጅምና ቀጭን ቀዳዳ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ጥልቅ ቀዳዳ የሚሰረስር መሣሪያ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት መንገዱን ትንሽ ይስታል። ስለዚህ ቀዳዳው ከውጭ ገጹ ጋር ፍጹም አንድ ማዕከል የለውም፤ ከዚያም በላይ ፍጹም ቀጥተኛ መስመር አይደለም፤ እንደ ሙዝ እጅግ በጥቂቱ የጎበጠ ነው። አንጥረኛው አፈሙዙን ከመሣሪያው አካል ጋር የሚያያይዘውን ጥርስና ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጎሬ የሚቆርጠው ይህን ጎባጣ ቀዳዳ እንደ መነሻ ወስዶ ነው። የጎሬው ጥልቀት የሚፈተሽባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አንደኛው መግባት አለበት፣ ሁለተኛው መግባት የለበትም። በ.308 ዊንቸስተር ጥይት፣ በተለመዱት መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት 0.004 ኢንች፣ ማለትም በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ጠባብ መስኮት ውስጥ ለማለፍ ሠራተኛው እጁንም ማሽኑንም ማመን መቻል አለበት።

የመሣሪያ ሥራ የሰላማዊውን ማሽን መንገድ ሲያቀና ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1774 የባለቤትነት መብት ያገኘው የመድፍ ቀዳዳን ለመቦርቦር ባቀደው ዘዴ ነበር። ጀምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሲሊንደር ክብ አድርጎ የሚቦረቡርለት አጥቶ በተቸገረበት ሰዓት ችግሩን የፈታለትም ይኸው ሰው ነው። ጥርስ የሚቆርጠውን ቶርኖ ለኢንዱስትሪ ያበቃው ሄንሪ ሞድስሊም በልጅነቱ ሥራ የጀመረው በዉልዊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነው። በእኛም አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰባሰቧቸው የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ሲያቀልጡ የነበረው ትግል ከሁሉ በፊት የብረታ ብረት ትምህርት ትግል ነበር። ነገሩ ራሱን የቻለ ርእስ ስለ ሆነ እዚሁ ልተወው።

በአሜሪካ ይህን ሙያ የሚማሩ ሰዎች የልምምድ ብረት የሚያገኙበት መንገድ ትኩረት የሚስብ ነው። የውድድር ተኳሾች አፈሙዛቸውን ጥቂት ሺህ ጥይት ከተኮሱበት በኋላ ይቀይሩታል፤ ምክንያቱም ከጎሬው ፊት ለፊት ያለው ጥቂት ሴንቲሜትር በትኩስ ጋዝ ይበላል። የቀረው ርዝመት ግን አሁንም ጥሩ ብረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት 4140 የሚባለው ዓይነት ወይም 416 የሚባለው የማይዝግ ብረት። ይህ ያረጀ አፈሙዝ በርካሽ ይገኛል። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው አካሉ እንጂ አፈሙዙ ብቻውን ስላልሆነ፣ ተማሪው እንደ ማንኛውም ብረት ገዝቶት ይቆራርጠዋል። ጥርስ ያወጣል፤ ያበላሻል፤ ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጦ ይጥላል፤ እንደ ገና ያወጣል። አንድ አፈሙዝ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በኮሎራዶ ግዛት ትሪኒዳድ ከተማ እንዳለው ኮሌጅ ሙያውን በመደበኛነት የሚያስተምሩ ተቋማትም አሉ።

በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው። ስለዚህ በግልጽ እናገራለሁ፤ ወደ ወርክሾፓችን ያረጀም ሆነ የተሰበረ የመሣሪያ ክፍል አይገባም፤ ለልምምድ ተብሎም አይገባም። የሚያስፈልገንም አይደለም። የምንዋሰው የልምምዱን መንፈስና ቅደም ተከተል ነው፤ ብረቱን ከሌላ ቦታ እናገኛለን።

ከየት? ከሶማሌ ተራ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከየሰፈሩ ጋራዥ ጀርባ፣ አንዳንዴም በራችን ላይ እየተጣራ ከሚያልፈው ቆራሌው። ነገር ግን ቁርጥራጭ ብረት ሁሉ ለልምምድ አይሆንም፤ ያልተመረጠ ብረት ተማሪን ከማስተማር ይልቅ ተስፋ ያስቆርጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በግንባታ ፌሮ ላይ የሚለማመድ ጀማሪ ነው። ፌሮ ርካሽ ስለ ሆነ ሁሉም ወደ እርሱ ይሮጣል። የፌሮ ጎርበጥባጣ ገጽ መቁረጫውን በየዙሩ ይመታዋል፤ ውስጡም አንድ ወጥ አይደለም። በውኃ ፈጥኖ ቀዝቅዞ የሚመረተው የዘመኑ ፌሮ ውጭው ጠንካራ ቀለበት፣ መካከሉ ለስላሳ ልብ ነው። ተማሪው መቁረጫው ሲንቀጠቀጥና ሲሰበር ጥፋቱን ከራሱ ይቆጥራል።

ለስላሳው ክብ ብረትም ከሱቅ ሲገዛ ያታልላል። ካርቦን የሌለው ያህል ለስላሳ የሆነ ብረት በመቁረጫው ጫፍ ላይ ይለጠፋል፤ ጥርሱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ጥርስ ማውጣት አልችልም ብለው የደመደሙት እጃቸው ሰንፎ ሳይሆን ብረቱ ተቀድዶ ነው። ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው እኔን ቢሰማኝ በደረቅ የወይራ እንጨት ይጀምራል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ የጥርሱን ቅርጽ ይይዛል፤ የማርሽ አቀማመጡ ትክክል መሆኑን ያሳያል፤ መቁረጫው ከትከሻው ጋር ቢጋጭም የሚጠፋው እንጨት ነው። አንድ ሰዓት ወይራ ላይ የዋለ ተማሪ፣ መቁረጫውን በጊዜው ወደ ኋላ የመመለስ ልማድ በእጁ ገብቶለት ወደ ብረት ይሻገራል።

ብረቱስ? እኔ ለዓመታት የደረስኩበት ምርጫ የጭነት መኪና የኋላ ሻፍት ነው። ሻፍት ሲሰበር አይጠገንም፤ ስለዚህ በኪሎ ዋጋ ይሸጣል። መካከለኛ ካርቦን ያለው፣ አንዳንዴም ክሮም የተጨመረበት ብረት ስለ ሆነ በባሕርዩ ከአፈሙዝ ብረት ብዙ አይርቅም። አስቸጋሪው ነገር ገጹ ነው፤ ሻፍት እንዳይጠመዘዝ ሲባል ውጭው ወደ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ በሙቀት እንዲጠነክር ይደረጋል። ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ሊማ በኪሳችሁ ያዙ። ሊማው ብረቱን ከነከሰ ይቆረጣል፤ እንደ መስተዋት ላይ ከተንሸራተተ ገና አልተገራም። የአሞርዛተርና የሃይድሮሊክ ዘንጎችም እንዲሁ ናቸው፤ በላያቸው ክሮም አለ፣ ከክሮሙ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠነከረ ገጽ አለ። ባሌስትራ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይጠቅመንም፤ መቁረጫ ለመሥራት ለሚወዱ ብቻ ይቀመጥ።

የጠነከረውን ሻፍት መግራት ውድ ምድጃ አይጠይቅም። በክፍልፋይ ከቆረጣችሁት በኋላ በከሰል እሳት አግሉት። ማግኔት መሳብ ሲያቆም ሙቀቱ ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ፣ እስከ ልቡ እስኪግል ጠብቃችሁ፣ አስቀድሞ በሞቀ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። እስከ ማግስቱ አትንኩት። ትዕግሥት ያጣ ተማሪ ማታ ቆፍሮ ካወጣው ሥራው ከንቱ ነው፤ አዝጋሚው መቀዝቀዝ ነውና ብረቱን የሚያለሰልሰው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ ወደዚህ እሳት እንዳይገባ። ጭሱ ያሳምማል። ቧንቧው ደግሞ በውስጡ የብየዳ ስፌት ስላለው ለማዕከል ልምምድ ቢገባም አይጠቅምም።

አሁን የልምምዱ ልብ ላይ ደርሰናል። ከተገራው ሻፍት 300 ሚሊሜትር ያህል ቆርጣችሁ በርዝመቱ 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሰርስሩበት። በተራ ረጅም መሰርሰሪያ ስለ ሆነ በማዶ በኩል ከማዕከሉ ስቶ እንደሚወጣ አትጠራጠሩ። ይህ የምንፈልገው ነው! በገበያ በብዙ ገንዘብ የማይገዛውን ጠማማ ቀዳዳ ርካሹ መሰርሰሪያ በነጻ ሠራልን። ከዚህ በኋላ የተማሪው ተግባር የውጭውን ገጽ ረስቶ ቀዳዳውን እንዲዞር ማድረግ ነው።

ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ለዚህ አይሆንም፤ መንጋጋዎቹ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ እርሱ የሚያውቀው የውጭውን ገጽ ብቻ ነው። ባለ አራት መንጋጋውን እንወስዳለን። ከስፒንድሉ ኋላ በኩል ደግሞ አራት ቡሎን ያለው ቀለበት እንገጥማለን፤ ይህንን ቀለበት ተማሪው ራሱ ከቱቦ ቁራጭ ይሠራዋል። በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ቦታ እንለካለን፤ አንደኛው ከአፉ አጠገብ፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ርቆ። የቅርቡን በመንጋጋዎቹ፣ የሩቁን በኋላ ቡሎኖች እናስተካክላለን። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይናጋል፤ ስለዚህ እየተመላለሱ ማረም ግድ ነው። መርፌው በአንድ ዙር 0.10 ሚሊሜትር ከተጓዘ ማዕከሉ የራቀው በግማሹ፣ በ0.05 ነው፤ ይህን የማያስታውስ ሰው ሙሉውን እየገፋ እስከ ማታ ሲያሳድደው ይውላል። ሁለቱም ቦታ ላይ መርፌው ሲረጋ፣ የቀዳዳው መስመር የማሽኑ መስመር ሆኗል። የውጭው ገጽ ግን አሁን በዓይን እስኪታይ ድረስ እየወላወለ ይዞራል። ተማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔም በዚያ ሲሊንደር ቀን ይህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አቁሜ «ተሳስቻለሁ» እል ነበር። ትክክለኛው ግን ይህ ነበር።

ክንዱ ረጅም የሆነ ኢንዲኬተር ከሌለን በቀዳዳው ውስጥ ያለ ክፍተት የሚገባ ዘንግ ጠርበን፣ ከውጭ በቀረው ዘንግ ላይ በሁለት ቦታ እንለካለን። ዘንጉ ከላላ የምንለካው ልቅነቱን ስለሚሆን፣ ጥሩ ዘንግ መጥረብ ራሱ የአንድ ሳምንት ልምምድ ነው።

ቀጥሎ ጥርሱ። እዚህ ላይ ስለ ቁጠባ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ40 ሚሊሜትር ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ጥርስ ብንቆርጥ፣ ጥልቀቱ በአንድ ወገን 0.92 ገደማ ነው። ጥርሱን ብንጠርበው ውፍረቱ ወደ 38 ይወርዳል፤ በዚያ ላይ እንደ ገና እንቆርጣለን፤ ከዚያ 36 እያለ እስከ 22 ድረስ ይሄዳል። ይህ በአንድ ጫፍ አሥር ጥርስ ነው፤ ብረቱን ብንገለብጠው ሌላ አሥር። በኪሎ ከተገዛ አንድ ቁራጭ ሃያ ጥርስ ማለት ነው። ቁርጡን በደቂቃ 180 ዙር ገደማ ጥረቡት፤ ጥርሱን ስትቆርጡ ግን ከ100 በታች ውረዱ፤ የሚቸኩል ትከሻውን ይመታል።

ለየውፍረቱ መለኪያ ነት መግዛት የማይታሰብ ነው። ሦስት እኩል የሆኑ 0.9 ሚሊሜትር መሰርሰሪያዎች ግን በማንም መሳቢያ ይገኛሉ። ሁለቱን በአንድ ወገን፣ አንዱን በሌላው ወገን በጥርሱ ውስጥ አስተኝታችሁ ለስላሳውን ጎናቸውን በማይክሮሜትር ለኩ። ለ38 በ1.5 ጥርስ ንባቡ 38.43 ገደማ ሲሆን ጥርሱ ስመ ልኩ ላይ ደርሷል፤ ነት እንዲገባበት ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። መሰርሰሪያዎቹ ከእጅ እየወደቁ ሲያናድዱ በግራሶ ጠብታ አጣብቋቸው። መጽሐፍ ያላስተማረኝ፣ አንድ አዛውንት የቶርኖ ባለሙያ ያሳዩኝ ዘዴ ነው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ፤ የቀረውን ሁላችሁም ስለ ጓንት፣ ስለ መነጽርና ስለ ነጠላ ጫፍ ሰምታችኋል። ሻፍቱን በአጭሩ ቁረጡት ያልኩት ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ከስፒንድሉ ኋላ ያለ ድጋፍ ረዝሞ የወጣ ዘንግ፣ ዙሩ ሲጨምር በድንገት ጎብጦ እንደ ጅራፍ ይገርፋል። ሰው ቆሞ የሚያየው መቁረጫውን ነው፤ አደጋው ግን ከጀርባ ነው። ስለዚህ ከስፒንድሉ ጀርባ ማንም አይቆምም፤ ድጋፍ የሌለው ረጅም ዘንግም አይነሣም።

ከታዳሚዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ «ተማሪው ያልታወቀ ብረት ላይ ከተለማመደ፣ በሥራ ላይ የታወቀ ብረት ሲሰጠው አይሳሳትም ወይ?» የሚል ነው። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ፍጥነትንና የገጽ ጥራትን በሚመለከት በእርግጥ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከአሥር ቁራጭ በኋላ አንድ ዓይነቱ የታወቀ ብረት በፋኩልቲው ወጪ እንዲሰጠው ጠይቄአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ማዕከልን በሚመለከት ግን ብረቱ ምንም ይሁን ምን ሒሳቡ አንድ ነው፤ መርፌው የብረቱን ስም አይጠይቅም።

ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ክፍት ነው። ሰባት የተገሩ የሻፍት ቁራጮች ከበሩ በስተግራ ባለው መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ሊማውና ማግኔቱ ከሥሩ ባለው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ስማችሁን በመዝገቡ ላይ ጽፋችሁ አንዱን ውሰዱ፤ ሲያልቅ ያልተሳካውንም ጥርስ ጭምር አምጥታችሁ አሳዩኝ።